ፍጥነቱ ያለው ምስማሩ ላይ ነው

ልጄ ከስካውት ስብሰባ ያቺን ትንሽ ካርቶን ይዛ ስትመጣ ስምንት ዓመቷ ነበር። ስንከፍታት አንድ የጥድ ጉማጅ፣ አራት የፕላስቲክ ጎማና አራት ምስማር አገኘን። «አባዬ፣ ከዚህ መኪና ሠርተን እንወዳደራለን» አለችኝ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አዲስ አበባ ሳድግ ከጋራዥ ያረጀ ኩሽኔታ ለምነን፣ ጣውላ ላይ ገጥመን፣ በአስፋልት ቁልቁለት የምንወርድ ልጆች ነበርን። ይሄንንማ አውቀዋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ውድድሩን ፓይንውድ ደርቢ ይሉታል። የጀመረው ዶን መርፊ የተባለ አባት ነው። ልጆች ራሳቸው ተቀምጠውበት ቁልቁል ለሚነዱት የእንጨት መኪና ውድድር ልጁ ዕድሜው ስላልደረሰለት፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ካሊፎርኒያ ማንሃተን ቢች ውስጥ ይህን ትንሹን ፈጠረ። ሞተር የለም። ጉማጁ 7 ኢንች ይረዝማል፤ ያለቀለት መኪና ከ5 አውንስ፣ ማለትም ከ142 ግራም ገደማ፣ መብለጥ የለበትም። አራት ጫማ ያህል ከፍታ ካለው መነሻ ይለቀቃል፣ ቁልቁለቱን ይወርዳል፣ ረጅሙን ሜዳ በያዘው ጉልበት ይጨርሳል። ሁሉም ነገር በሦስት ሰከንድ ገደማ ያልቃል።

የመጀመሪያውን ዓመት ሁለት ሳምንት ሙሉ ቅርጽና ቀለም ላይ አጠፋን። አፍንጫውን አሹለን፣ ጎኑን አለስልሰን፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቀባነው። ምስማሮቹን ግን ከካርቶኑ እንደወጡ በመዶሻ መታሁና ጨረስኩ። ክብደቱ 3.5 አውንስ ነበር፤ ቀሎ ይሮጣል ብዬ ነበር። ቁልቁለቱን ከሌሎቹ እኩል ወረደ፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ ግን እያየነው ደከመ። ልጄ አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ መኪናዋን አንሥታ ጎማዎቹን በጣቷ ታሽከረክር ጀመር። አንደኛው ሁለት ዙር ሳይሞላ ቆመ። ያን ጊዜ የት እንደሳትኩ ገባኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ከክብደት ጀመርን። ቀላል መኪና ከከፍታው የሚያገኘው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ያንኑ ትንሽ ደግሞ አየሩና የጎማው ፍትጊያ ይበሉበታል። ስለዚህ እስከ ተፈቀደው ጠርዝ መሙላት ያስፈልጋል። እርሳስ የሚባለው ብረት ርካሽ ነው፤ ግን መርዛማ ስለሆነ ሕፃን እጅ ላይ አላስቀምጥም ብዬ ቱንግስተን የተባለ ሌላ ከባድ ብረት ገዛሁ። ቱንግስተን ከእርሳስ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ያስቀመጥነው ከኋላ ነው። መኪናው መነሻው ላይ አፍንጫውን ደፍቶ ሲቆም ኋላው ከፍ ይላል፤ ክብደቱ ኋላ ከሆነ የሚወርድበት ከፍታ ይጨምራል ማለት ነው። መጀመሪያ አብዝቼ መኪናው ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ነጥብ ከኋላ ጎማ ግማሽ ኢንች ብቻ ፊት አድርጌው ነበር። ፊቱ ቀለለና እየተወዛወዘ በመወዳደሪያው መስመር መሃል ያለውን መምሪያ ሐዲድ ይመታ ጀመር። በማስመሪያ ጠርዝ ላይ አስቀምጠን ሚዛኑን እያየን ወደ አንድ ኢንች ስናመጣው ረጋ።

ዋናው ሥራ ግን ምስማሩ ነው። ጎማው የሚዞረው በእነዚያ አራት ምስማሮች ላይ ነው። ፋብሪካው ሲቀርጻቸው ከምስማሩ ራስ ሥር ሹል ትርፍ ብረት፣ አካላቱ ላይ ደግሞ የመቆንጠጫ ምልክት ይተዋል። ምስማሩን ድሪል አፍ ውስጥ አስሬ እያዞርኩ ትርፉን በቀጭን ሞረድ አነሣሁ። ከዚያ ልጄ በብርጭቆ ወረቀት ተረከበችው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳልና 400፣ 600፣ 1000፣ በመጨረሻ 2000፣ ሁሉንም በውኃ እያረጠበች። ልጅ ሳለሁ ቶርኖ ቤት እየተላላክሁ ያየሁትን ነገርኳት፦ የሻካራው ወረቀት ጭረት ሳይጠፋ ወደ ለስላሳው አትለፊ። አጉሊ መነጽር ይዛ እያንዳንዱን ታየው ነበር። «ይሄኛው ገና ነው» እያለች ሁለት ጊዜ መለሰችኝ፤ ልክ ነበረች።

ዘይት በእኛ ቡድን ደንብ አይፈቀድም፤ ስለዚህ እንዲያንሸራትት ግራፋይት የሚባል ደረቅ ጥቁር ዱቄት ጎማው ቀዳዳ ውስጥ ነፍተን ደጋግመን አሽከረከርነው። ይህን ከቤት ውጭ ሥሩት፤ ዱቄቱ የነካውን ሁሉ ያጠቁራል። መጀመሪያ ስምንት ሰከንድ ይዞር የነበረው ጎማ ከሠላሳ በላይ ሄደ። ልጄ ጮክ ብላ ስትቆጥር እናቷ ከማድ ቤት ወጥታ አብራት ቆጠረች።

የቀረው አቅጣጫ ነበር። አንዱን የፊት ጎማ በጥቂቱ ከፍ አድርገን በሦስት እግር እንዲሄድ አደረግነው። መሬት የሚነካውን የፊት ጎማ ምስማር በፒንሳ ትንሽ አጥፈን ቀስ እያልን እያዞርን፣ መኪናው ወደ መሃሉ ሐዲድ በስሱ እንዲያጋድል አስተካከልን። እንዲህ ሲሆን ሐዲዱን ይዞ ይሄዳል እንጂ ግራና ቀኝ አይላተምም። ልኩን ያገኘነው ጣውላ አዘንብለን፣ ላዩ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ለጥፈን፣ በአራት ጫማ ጉዞ ሁለት ሦስት ኢንች እስኪያጋድል ደጋግመን በመልቀቅ ነው። አንድ ምሽት ሙሉ ወስዷል። ምስማር ማጠፍን የሚከለክሉ ቡድኖች ስላሉ እኔ አስቀድሜ ጠይቄ ነበር።

ቀለሙን በአንድ ቀን ጨረስነው።

የውድድሩ ዕለት የእነርሱ ሚዛን 5.1 አለ፤ የማድ ቤታችን ሚዛን 5.0 ብሎን ነበር። ደግነቱ ከመኪናው ሆድ የምትወጣ ትንሽ ብሎን አስቀርተን ስለነበር ፈትታ አወጣቻት፤ 4.9 ሆነ። እዚያው ያለቀቀ ቱንግስተን ለመፈልፈል የሚታገል አባት አጠገቤ ነበር፤ መሰርሰሪያዬን ሰጠሁት።

መኪናዋ በየመስመሩ እየተፈራረቀች ሮጠች፤ ሜዳው ላይ አልደከመችም። በድምሩ ሁለተኛ ወጣች፤ ከአንደኛው የለያት ሰከንድ ለሺህ ተከፍሎ ከዚያ ጥቂቱ ብቻ ነው። ልጄ ዋንጫውን ለእናቷ ሰጥታ ወዳሸነፈው ልጅ ሮጠች። ተመልሳ ስትመጣ ጣቶቿ በግራፋይት ጠቁረው ነበር። «አባዬ፣ እሱ ምስማሩን እስከ 3000 ወስዶታል» አለችኝ።