ከደሴ ኮምቦልቻ በ11 ፍሬን

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ተነስቼ፣ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እስክገባ ፍሬን የረገጥኩት 11 ጊዜ ብቻ ነው። የቆጠረው ባለቤቴ ነው፤ ያውም አኩርፎ። መንገዱን የምታውቁት ለምን እንደምኮራ ይገባችኋል። ለማታውቁት፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። መሐሉ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር መጠማዘዝ ነው።

አጀማመራችንን ባጭሩ ልለፈው። አሮጌ ሚኒባስ ገዛን፣ የኋላ ወንበሮቹን አወጣን፣ ፍራሽና ቡታ ጋዝ ጫንን። ሁለታችንም የአዲስ አበባ ልጆች ነን። ወሎን የማውቀው በዘፈን ነበር፤ ባቲና አምባሰል ከቅኝት ስምነታቸው በፊት የቦታ ስም መሆናቸውን እንኳ ዘግይቼ ነው የሰማሁት። የዘጠኝ ቀን ጉዞ አሰብን፦ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያ፣ ላሊበላ፣ ከዚያ በመጣንበት መመለስ። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ሄደን ስለ መንገዱ ሹፌሮችን ሳንጠይቅ አንነሳም፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ አንነዳም። በዚህ አልደራደርም።

መኪና ውስጥ የማደሩ ነገር ወሎ ላይ ብዙም አልተሳካልንም። ውሃ ልንጠይቅ አንድ ቤት ብንገባ፣ እናትየዋ ፍራሹን በመስኮት አዩና «ቤት እያለ መኪና ውስጥ? ሰው ምን ይለኛል!» ብለው ተቆጡን። እራት በላን፣ ሦስተኛውን ቡና ጠጣን፣ መደብ ላይ ተኛን። ሐይቅ ላይ እሱ እስጢፋኖስ ገዳም ገባ፤ ሴት ስለማይገባ እኔ ውሃው ዳር የተጠበሰ ዓሣዬን በላሁ። ማን እንደተጠቀመ አላውቅም። ደሴ ላይ ምስር ስትቀቅሉ ደግሞ ታገሱ፤ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ቶሎ አይበስልም። የኛን ድስት ሳንከድን ስለተውነው ጋዙ አለቀ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ።

ከላሊበላ ስንመለስ፣ ከጋሸና ወደ ወልዲያ፣ ድልብ የሚባለው ቁልቁለት ላይ እኔ ነበርኩ የምነዳው። በአራተኛ ማርሽ እየወረድኩ፣ እግሬን ፍሬኑ ላይ ቀለል አድርጌ እንዳስቀመጥኩ ነው። ጥንቃቄ መስሎኝ! መጀመሪያ ሽታ መጣ፤ እንደተቃጠለ ፕላስቲክ ያለ። ከፊታችን ካለው ተሳቢ ነው ተባባልን። ቀጥሎ ፔዳሉ ለሰለሰ። እርጥብ ስፖንጅ የረገጥኩ ያህል እግሬ ዝም ብሎ ወረደ። ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ትንሽ ያዘ። ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርጌ ሳብኩና መንገድ ዳር ጠጠር ላይ ቆምን። ከፊት ጎማ ጭስ ይወጣል። ባለቤቴ ወርዶ ድንጋዩን ከጎማው በስተኋላ ማድረግ ሲገባው በስተፊት አደረገ ብዬ ጮህኩበት። ቁልቁለት ላይ ከፊት ነው ትክክሉ። እሱ ነበር ልክ።

የሚጠጣ ውሃችንን ጎማው ላይ ላፈስ ስል አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆመ። ሽበታም ሰውዬ ናቸው። «እንዳታፈሺበት! የጋለ ብረት ነው፣ ይሰነጠቃል። አብሽሪ፣ ራሱ ይቀዘቅዛል» አሉኝ። ከዚያ ጠየቁኝ፦ «ስትወጪው በስንት ማርሽ ወጣሽው?»

«በሁለተኛ።»

«ታዲያ በአራተኛ የምትወርጂው ማን አስቸኩሎሽ ነው?»

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ወልዲያ ላይ መካኒኩ የፍሬን ዘይቱን ቀድቶ አሳየን። ጥቁር ቡና ነው የሚመስለው። ከመነሳታችን በፊት አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ «ፍሬኑ ታይቷል» ብሎ ገንዘብ ተቀብሎናል፤ ያየው ግን ጎደሎውን ሞልቶ ብቻ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይመጥጣል። አዲስ ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከገባው ግን 155 ገደማ ላይም ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ ስትረግጡ የምትጫኑት አረፋውን እንጂ ጎማውን የሚይዘውን የፍሬን ሸራ አይደለም። የኔ «ስፖንጅ» ይኸው ነበር። አሮጌውን አስወጥተን በሙሉ አስቀየርን። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩ፤ ሲቀየርም አጠገቡ ቁሙ።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ይህ ነው። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት እንጂ መሐሉ ላይ አይደለም። እግር ከነዳጅ ይነሳል፣ ሞተሩ ራሱ ይይዛል። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ረግጦ መልቀቅ፤ እግር አስቀምጦ መውረድ የለም። ሞተሩ ይጮኻል። ባለቤቴ «ልትፈነጂው ነው!» እያለ ከደሴ ጀምሮ የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። የሞተሩ ዙር ቆጣሪ ቀዩ ጋ እስካልደረሰ ይጩህ! ናፍጣ ልቆጥብ ብለው በዜሮ ማርሽ የሚወርዱትን ግን ምን እንደምላቸው አላውቅም። የአንድ ሻይ ዋጋ ለማትረፍ ገደል አፋፍ ላይ መኪና መልቀቅ ነው።

እውነቱን ለመናገር ቁጥሩ 11 የሆነው ብቃት ብቻ ሆኖ አይደለም። ግማሹን መንገድ ከፊቴ ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ ነበር፤ መቅደም ስለፈራሁ ከኋላው ዝም ብዬ ተከተልኩ። ዳገት ላይ ቆሞ መነሳትም ገና አልሆነልኝም። ፍሪሲዮኑን ሳቃጥል ውዬ መጨረሻ ላይ መሪውን ለሱ ነው የምሰጠው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ደግሞ አለ። መኪና የሚበላሽበት ሹፌር ጎማ ሥር ድንጋይ ያደርጋል፤ ሲነሳ ድንጋዩን እዚያው አስፋልት ላይ ትቶት ይሄዳል። በጭጋግ የሚመጣው ሰው ነው የሚያገኘው። እኛ በዚህ ምክንያት ወልዲያ ላይ የእንጨት ታኮ አስጠርበን በገመድ አሰርነው፤ ረስተን ብንሄድ እንኳ እየተጎተተ እንዲከተለን።

ሐረጎ ላይ ፎቶ ለማንሳት ስንቆም ታኮው ከፍራሹ ሥር ነበር። ለማውጣት ሰነፍንና ድንጋይ ተጠቀምን። ትዝ ያለኝ ኮምቦልቻ ገብተን፣ ባለቤቴ «11» ብሎ ከነገረኝ በኋላ ነው። በዚያ በኩል የምታልፉ ካላችሁ፣ ከላይ ስትወርዱ በቀኝ በኩል ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ግራጫ።