ከማርመላታ ቢሮው ጀርባ

አምስተርዳም ከናዚዎች ተደብቃ ማስታወሻ የጻፈችውን የአይሁዳዊቷን ልጅ የአን ፍራንክን ቤት ለማየት ያሰበ ሰው በሩ ላይ ደርሼ ትኬት እገዛለሁ ብሎ እንዳይደክም። የሚሸጠው ኦንላይን ብቻ ነው። በየማክሰኞው ከስድስት ሳምንት በኋላ ለሚደረግ ጉብኝት የሚሆነው ትኬት ይለቀቃል፤ ፈጠን ያለ ያገኛል። ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። እሰይ ብያለሁ፤ እዚያ ቦታ ሰልፊ ማየት አልፈልግም።

ቤቱ ፕሪንሰንግራኽት በሚባለው ቦይ ዳር ነው፤ ቁጥር 263። ከፊት ሲያዩት ጠባብና ረጅም የነጋዴ ቤት ነው። የአን አባት ኦቶ ፍራንክ ማርመላታ የሚያረጋ ፔክቲን የሚነግድበት ቢሮና መጋዘን ነበር። ጉዱ ያለው ከጀርባ ነው።

ታሪኩን ብዙዎቻችን በወሬ እናውቀዋለን። (ቀኖቹም ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አን በ1929 ፍራንክፈርት ተወለደች። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ቤተሰቡ ወደ ሆላንድ ተሰደደ። በ1940 ናዚዎች ሆላንድንም ያዙ። ከዚያ ክልከላው ቀስ በቀስ መጣ። አይሁዳዊ መናፈሻ አይግባ። ሲኒማ አይግባ። ትራም አይሳፈር። ደረቱ ላይ ቢጫ ኮከብ ያድርግ። ብስክሌቱን ያስረክብ። አምስተርዳምን ያየ ሰው ይህ የመጨረሻው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ እግር እንደመቁረጥ ነው።

ሐምሌ 5 ቀን 1942 የአን ታላቅ እህት ማርጎት ጀርመን ሄዳ እንድትሠራ የጥሪ ወረቀት መጣላት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በማግስቱ መላው ቤተሰብ እዚሁ ቢሮ ጀርባ ተደበቀ። ሻንጣ መያዝ ስለሚያስጠረጥር አንና ወላጆቿ ልብስ በልብስ ላይ ደራርበው፣ በዝናብ፣ በእግራቸው መጡ።

የመደበቂያው መግቢያ ያው ዝነኛው የመጻሕፍት መደርደሪያ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ የሠራው፣ እንደ በር የሚከፈት። ከኋላው ያለው ደረጃ በጣም ቀጥ ያለ ነው፤ መሰላል ቢሉት ይቀላል። ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። ነዋሪዎቹ ከተያዙ በኋላ ዕቃው ተወስዷል፤ ቤቱ በ1960 ሙዚየም ሲሆን ደግሞ ኦቶ ፍራንክ ባዶውን ይቀመጥ አለ። ልክ ነበር እላለሁ። አልጋና ወንበር ቢደረደርበት ዓይናችን ዕቃው ላይ ይቀር ነበር።

እኔን ያቆመኝ ግድግዳው ነው። ወላጆች የልጆቻቸውን ቁመት በእርሳስ እየለኩ ያሰመሩበት አለ። አን እዚያ ተደብቃ ሳለች ከ13 ሴንቲ ሜትር በላይ አድጋለች። ፀሐይ ሳትሞቅ፣ ደጅ ሳትወጣ፣ አደገች። ጫማና ልብስ ይጠባታል ማለት ነው፤ ሌላ ግዛልኝ አይባልም። ክፍሏ ውስጥ የሲኒማ ተዋንያንና የንጉሣውያን ልጆች ፎቶ ለጥፋለች። ክፍሉን ከፍሪትዝ ፕፌፈር ከሚባል ጎልማሳ የጥርስ ሐኪም ጋር ነበር የምትጋራው። ጠረጴዛው ላይ የምጽፍበት ሰዓት ይሰጠኝ ብላ ተጣላችው፤ አባቷ ገብቶ ነው የታረቀው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከቤተሰብ ውጭ ካለ ትልቅ ሰው ጋር አንድ ክፍል! እኔ ብሆን አብድ ነበር።

ሌላ ቤተሰብና ፕፌፈር ተጨምረው ስምንት ሆኑ፤ እነ አን ከሁለት ዓመት በላይ ኖረዋል። ታች መጋዘን ውስጥ ሠራተኞች ስላሉ ቀን ቀን በካልሲ ብቻ ይራመዳሉ፣ ሽንት ቤት ውኃ አይለቀቅም። የሚበሉትን የሚያመጡት የቢሮው ሠራተኞች ሚፕ ጊስ፣ ቤፕ ፎስኮይል፣ ቪክቶር ኩግለርና ዮሃንስ ክላይማን ነበሩ። ራሽን በነበረበት ዘመን ለስምንት ተደባቂ ኩፖን እየፈለጉ ማብላት ቀልድ አይደለም። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍን የሚያስታውስ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ይረዳዋል።

ነሐሴ 4 ቀን 1944 ተያዙ። ማን እንደጠቆመ እስከዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም። ሆላንድ ውስጥ ካለው ቬስተርቦርክ ካምፕ ወደ ናዚዎች የሞት ካምፕ አውሽቪትዝ በሄደው የመጨረሻ ባቡር ተጫኑ። አንና ማርጎት ከዚያ ወደ በርገን ቤልሰን ተወስደው በ1945 መጀመሪያ እዚያው ሞቱ። እንግሊዞች ካምፑን ነፃ ያወጡት በሚያዝያ ነው። ከስምንቱ የተረፈው ኦቶ ብቻ ነው። ከሆላንድ 107 ሺህ ገደማ አይሁዳውያን ተግዘው የተመለሱት 5 ሺህ ያህል ናቸው።

የአንን ማስታወሻዎች ወለል ላይ ተበትነው ያነሡት ሚፕና ቤፕ ናቸው። ሚፕ ሳታነብ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣ ለአን አባት ሰጠች። ማርጎትም ማስታወሻ ትጽፍ ነበር፤ የእሷ አልተገኘም። ከሙዚየሙ ስወጣ ያንገበገበኝ ይህ ነው። ከጎኗ ሌላ ልጅ ትጽፍ ነበር፤ ስለ እሷ በብዛት የምናውቀው ግን ታናሿ የነገረችንን ነው።

በማግስቱ እዚያ የሚኖር ጓደኛዬ የአን ቤተሰብ ከመደበቁ በፊት ወደነበረበት ሜርቬደፕላይን ወሰደኝ። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፤ የአን ሐውልት ቆሟል። አፓርታማቸው በአገራቸው በነፃነት መጻፍ ላልቻሉ የውጭ ደራስያን መኖሪያ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል።

«የእኛ አገር ደራሲ ተመዝግቦ ይሆን?» አለኝ ጓደኛዬ። ትራሙ እስኪመጣ ማን ማን ይገባዋል ስንል በስም ተከራከርን።