የፔምብሮክሺር ዳርቻ በእግር፦ የሦስተኛው ዓመት ማስታወሻዬ

ባለፈው ዓመት በገባሁት ቃል መሠረት፣ በዌልስ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በፔምብሮክሺር የባሕር ዳርቻ መንገድ ላይ እስከ የት እንደ ደረስሁ ላካፍላችሁ። መንገዱ በሰሜን ከሴንት ዶግሜልስ መንደር ተነሥቶ፣ የባሕሩን ጠርዝ ተከትሎ፣ በደቡብ አምሮት ላይ የሚያበቃ ሲሆን ርዝመቱ 186 ማይል፣ ማለትም 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርቱ ተጓዦች በሁለት ሳምንት ገደማ አከታትለው ይጨርሱታል። እኔ ግን መኪና የሌለኝና በፈረቃ የምሠራ ሰው በመሆኔ፣ ጠዋት ከስዋንሲ በባቡር ወጥቼ ማታ የምመለስባቸውን ቀናት እየለቀምሁ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ በ13 ቀን 96 ማይል ተጉዣለሁ። ግማሹን እልፍ ብያለሁ ማለት ነው።

አካባቢውን ለማታውቁት፣ ይህ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1952 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተከለለ ሲሆን፣ በብሪታንያ ካሉት ብሔራዊ ፓርኮች መካከል በዋናነት ለባሕር ዳርቻው ሲባል የተከለለው እርሱ ብቻ ነው። የእግር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1970 ተከፈተ፤ ዛሬ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው፣ የዌልስን ዳርቻ በሙሉ የሚከተለው የ870 ማይል መንገድ አንድ ክፍል ሆኗል። ካርታ ላይ ሲያዩት ባሕር ዳር ስለሆነ ሜዳ ይመስላል፤ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር የጀመርሁት። መንገዱ ግን በገደል አናት ላይ የሚሄድ፣ ጅረት ባጋጠመው ቁጥር እስከ ባሕሩ ወለል ወርዶ ወዲያው የሚወጣ በመሆኑ፣ የዳገቱና የቁልቁለቱ ድምር 35,000 ጫማ፣ ማለትም ከ10,000 ሜትር በላይ እንደሚሆን ተሰልቷል። በመጀመሪያው ዓመት ጉልበቴን የጎዳው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነበር። ባለፈው ማስታወሻዬ በዱላ መሄድ የሽማግሌ ነው ብዬ የጻፍሁትን አንሥቻለሁ፤ አሁን ሁለት ዱላ ይዤ ነው የምወርደው።

ገና ለምትጀምሩ ከአምሮት እስከ ቴንቢ ያለውን 7 ማይል እመክራለሁ። ቴንቢ ባቡር ጣቢያ ስላላት ለመመለስ አይቸግርም፤ በመካከሉም፣ ከዋይዝማንስ ብሪጅ እስከ ሶንደርስፉት፣ መንገዱ ቀድሞ የድንጋይ ከሰል ፉርጎዎች ይመላለሱባቸው በነበሩ ዋሻዎች ውስጥ ያልፋል። ቴንቢ የመካከለኛው ዘመን ቅጥሯ ዛሬም በከፊል የቆመ፣ ቤቶቿ በቀላል ሮዝና በቢጫ ቀለም የተቀቡ የወደብ ከተማ ናት። በትምህርት ቤት ሒሳብ ያሰቃየን ሁላችን ከዚህች ከተማ ጋር ግንኙነት እንዳለን ያወቅሁት እዚያ ነው፤ የእኩልነት ምልክትን እ.ኤ.አ. በ1557 ለመጀመሪያ ጊዜ አሳትሞ ያወጣው ሮበርት ሬኮርድ የቴንቢ ተወላጅ ነው። ከወደቡ በጀልባ ወደ ካልዲ ደሴት የሚሻገሩም አሉ፤ የደሴቱ መነኮሳት ቸኮሌት ይሠራሉ። እኔ ቸኮሌቱን እንጂ ደሴቱን ገና አላየሁም።

የዘንድሮው ትልቁ ነገር ስኮመር ደሴት ነው። ወደ ደሴቱ የሚሻገሩት ማርቲንስ ሄቨን ከምትባል ጠባብ ወሽመጥ በትንሽ ጀልባ ሲሆን፣ በቀን የሚገባው ጎብኚ በ250 ሰው የተወሰነ ስለሆነ ትኬቱ ቀድሞ ያልቃል። ወሽመጧ ለሰሜን ነፋስ የተጋለጠች በመሆኗ፣ ከሰሜን የነፈሰ ቀን ጀልባው አይወጣም። አምና ትኬቴን እጄ ላይ ይዤ፣ ፀሐይ እየሞቅሁ፣ በዚሁ ነፋስ ምክንያት ተመልሻለሁ። ዘንድሮ በሰኔ መጀመሪያ፣ በዕድሜ ከሚበልጡኝና ጋሼ ከምላቸው ወዳጄ ጋር በእርሳቸው መኪና ሄደን ተሳካልን።

ከጀልባው እንደ ወረዱ 87 ደረጃ ይጠብቃል። ደረጃው አናት ላይ ስንደርስ ጋሼ ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ቆሙና፣ «ይቺ ደግሞ ምን ትፈልጋለች?» አሉኝ። ከእግራቸው ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ከርግብ ብዙም የማትተልቅ፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ ምንቃሯና እግሯ ብርቱካናማ የሆነች ፓፊን ቆማ ሽቅብ ታያቸዋለች። በምንቃሯ ላይ ስድስት ወይም ሰባት ቀጫጭን ዓሦች ጅራታቸው በግራና በቀኝ ተንጠልጥሎ ተደርድረዋል። ጎጆዋ ከመንገዱ ማዶ የተቆፈረ ጉድጓድ ስለሆነ ማለፍ ፈልጋ ነው። ሕጉ ለእርሷ ቅድሚያ መስጠት ነው፤ ሰው ተጋፍቶ ካስቆማት ዓሣውን ትልልቆቹ የባሕር ወፎች ይነጥቋታል። ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ ስንል እንደ ቸኮለ አስተናጋጅ ሮጣ አለፈችና ጉድጓዷ ውስጥ ጠፋች። ፓፊኖቹ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ብቻ እዚያ ይቆዩና ወደ ባሕሩ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ነሐሴ ላይ ትኬት ቆርጣችሁ ወፍ የለም ብላችሁ እንዳታዝኑ። መሬቱ በጉድጓድ የተቦረቦረ በመሆኑ ከመንገዱ አንዲት ርምጃ መውጣት ጎጆ መደርመስ ነው።

የደሴቱ እውነተኛ ባለቤት ግን ቀን የማይታይ ነው። ማንክስ ሺርዋተር የተባለው የባሕር ወፍ በዓለም ላይ ከየትኛውም ስፍራ ይልቅ በብዛት የሚራባው እዚህ ሲሆን፣ ቁጥሩ 350,000 ጥንድ ያህል እንደሚሆን ይገመታል። እግሮቹ ወደ ኋላ የተተከሉ ስለሆኑ በመሬት ላይ መራመድ አይሆንለትም፤ በዚህም ምክንያት ጀርባቸው ጥቁር የሆነው ትልልቅ ወፎች እንዳይበሉት በጨለማ ብቻ ይገባል፣ በጨለማም ይወጣል። እኛ ያየነው በየሣሩ ላይ የተጣሉ ክንፎችን ብቻ ነው። ክረምቱን በደቡብ አሜሪካ ዳርቻ አሳልፎ ተመልሶ ያንኑ ጉድጓድ ያገኛል መባሉን ስነግራቸው፣ ጋሼ በጠዋቱ ማርቲንስ ሄቨንን ፍለጋ ሦስት ጊዜ መንገድ እንደሳትን አስታወሱኝ።

ያን ሌሊት ሴንት ኢሽሜልስ መንደር አጠገብ ድንኳን ተክለን አደርንና በማግሥቱ የዘንድሮውን ትልቁን ስሕተቴን ሠራሁ። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የሐይቅ ውኃ ጠዋት ከተዉት ቦታ ማታም ይገኛል። የዚህ ባሕር ውኃ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወለድ በሚልፎርድ ሄቨን አካባቢ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ6 ሜትር ይበልጣል። መንገዱ ሳንዲ ሄቨን ሲደርስ ባሕሩ ወደ የብስ የሚገባበትን ወሽመጥ በመረማመጃ ድንጋዮች ያሻግራል፤ ድንጋዮቹ የሚገለጡት ከጉድለቱ በፊትና በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ የደረሰ ሰው በአስፋልት 4 ማይል ያህል መዞር አለበት።

ሰንጠረዡ ጉድለቱ 11:40 ላይ ነው ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ40 መሆኑ ነው። እኔም ሁለቱን አቆጣጠር እያመሳከርሁ፣ እንዳይምታታብኝ በጥንቃቄ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እንድንደርስ አሰላሁ። ደረስን። ድንጋይ የሚባል ነገር የለም፤ ወሽመጡ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ውኃ ነው። ጋሼ ጥቂት ተመለከቱና፣ «አንተ ልጅ፣ ይህ ውኃ እየሄደ ነው ወይስ እየመጣ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆመን፣ እየመጣ ነው ብዬ ፈረድሁና በአስፋልቱ ዞርን። ሸንተረሩን ወርደን ወጥተን 5 ሰዓት ተኩል ላይ ማዶ ስንደርስ፣ አንዲት ሴት ውሻዋን አስከትላ በመረማመጃ ድንጋዮቹ ላይ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታረጥብ፣ እኛ ከነበርንበት ዳርቻ ስትሻገር አገኘናት።

የሆነው ይህ ነው፦ ሰንጠረዡ የተጻፈው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ በበጋ ደግሞ የአገሩ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል። ስድስት ሰዓት ደምሬ ስቀንስ አንዷን ሰዓት ረሳኋት። ጉድለቱ የነበረው 6 ሰዓት ከ40 ላይ ሲሆን፣ እኛ እዚያው ተቀምጠን አንድ ሰዓት ሻይ ብንጠጣ ኖሮ ውኃው ራሱ መንገዱን ይከፍትልን ነበር። የጋሼን ጥያቄ መልስ የነገረችን ያችው ባለ ውሻ ሴት ናት። ዝናብ ካልዘነበ፣ ከውኃው ጠርዝ ከፍ ብሎ ያለው ድንጋይ እርጥብ ከሆነ ውኃው እየጎደለ ነው፤ ድንጋዩ እስከ ውኃው ድረስ ደረቅ ከሆነ እየሞላ ነው። ያን ጠዋት ድንጋዩ ክንድ ያህል እርጥብ እንደነበር ሁለታችንም እናስታውሳለን፤ አይተነው ነበር፣ አላነበብነውም እንጂ። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ ሦስት ዓምድ አሥምሬያለሁ፦ የግሪንዊች፣ የአገሩ የበጋ ሰዓትና የእኛ።

ከሳንዲ ሄቨን በኋላ የሚመጣውን የሚልፎርድ ሄቨንን ዙሪያ በጥቂቱ ልለፈው። የነዳጅ ማጣሪያ፣ የጋዝ ማከማቻ፣ ቧንቧና አጥር ነው። ብዙዎች በአውቶቡስ ይዘሉታል፤ እኔ ሙሉውን እሄዳለሁ ብዬ ስለተነሣሁ ሄድሁት፤ አንድ ቀንም በቃው። እርሱን ጨርሶ የሚደረስበት የፔምብሮክ ቤተ መንግሥት ግን ድካሙን ያካክሳል፤ የቱዶር ነገሥታት የመጀመሪያው ሄንሪ ሰባተኛ እ.ኤ.አ. በ1457 የተወለደው እዚያ ነው።

ስለ ሴንት ዴቪድስ በጣም ጠይቃችሁኛል። ከ2,000 ያነሰ ሕዝብ ያላት፣ ነገር ግን ካቴድራል ስላላት ከተማ የተባለች፣ በብሪታንያ ከከተሞች ሁሉ ትንሿ ናት። ስሟን ያገኘችው በስድስተኛው መቶ ዘመን ከኖረው ከዌልስ ጠባቂ ቅዱስ፣ ከዴዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1181 መሠራት የጀመረው ካቴድራል የቆመው ከኮረብታ ላይ ሳይሆን ከሸለቆ ውስጥ ስለሆነ፣ በዋናው መንገድ የሚመጣ ሰው አጠገቡ እስኪደርስ ድረስ ከግንቡ ጫፍ በቀር አያየውም። ድንጋዩ ወይን ጠጅ ነው፤ የተፈለጠውም አጠገቡ ካለው ከካየርፋይ ገደል ነው፤ በእግር መንገዱ ስታልፉ ያንኑ ቀለም ገደሉ ላይ ታዩታላችሁ። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዘመን ጳጳስ ካሊክስተስ ሁለተኛ፣ ወደ ሴንት ዴቪድስ ሁለት ጊዜ መሳለም ወደ ሮም አንድ ጊዜ እንደ መሳለም ይቈጠር ብለው ነበር። ከከተማዋ ደቡብ፣ ገደሉ አናት ላይ፣ የቅዱሱ እናት የኖን ምንጭ አለ፤ ዴዊ በማዕበል ሌሊት ሲወለድ ፈለቀ የሚባል፣ ለዓይን ሕመም ፈውስ ነው ተብሎ ይታመንበት የነበረ ውኃ ነው። ከዚያው ሆኜ ለእናቴ ስልክ ደውዬ ስነግራት ሌላውን ሁሉ ትታ፣ «ታዲያ ጠበሉን ቀዳህልኝ?» አለችኝ። ቀድቼ ነበር፤ በባዶ የለስላሳ ጠርሙስ።

በደቡቡ በኩል የቅዱስ ጎቫን ጸሎት ቤት በገደል ስንጥቅ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ተወሽቃ፣ ከሥሯ ባሕሩ እየጮኸ የቆመች አንዲት ክፍል ናት። ወደ እርሷ የሚያወርዱት ደረጃዎች ሲወርዱና ሲወጡ ቁጥራቸው አይገጥምም ይባላል፤ እኔ ሁለቴም አንድ ቁጥር አገኘሁ፣ ጋሼ ግን በሁለት ተለያየባቸው፤ እስካሁንም ይከራከሩኛል። አካባቢው የጦር ሠራዊት የተኩስ ልምምድ ቦታ ስለሆነ የተኩሱን ሰሌዳ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ማለፍ የለም። ከዚያ ወደ ምዕራብ በፍሬሽወተር ዌስት፣ ቀድሞ የባሕር ሣር ይደርቅባት የነበረች የሣር ክዳን ጎጆ ቆማለች። ያ ሣር ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ሌቨርብሬድ የሚባለው ምግብ ይሆናል፤ በስዋንሲ ገበያም ይሸጣል። መልኩ ከልክ በላይ የበሰለ ጎመን ነው፤ በሽንኩርትና በቃሪያ ካቁላሉት ለጾም ይሆናል።

የቀሩኝ 90 ማይሎች በአብዛኛው በሰሜን ናቸው። ቀጣዩ ከሴንት ዶግሜልስ እስከ ኒውፖርት ያለው 16 ማይል ሲሆን፣ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ፣ 175 ሜትሩ ገደል፣ ያለውም በእርሱ ላይ ነው። በመካከሉ ምግብ የሚገዛበት ቦታ እምብዛም ስለሌለ ዳቦ፣ ቆሎና ሁለት ሊትር ውኃ ከቤት ይያዛል። በበጋ የሚሠሩት የባሕር ዳርቻ አውቶቡሶች ከገጠሩ መንገድ ላይ እጅ ሲነሣላቸው የሚቆሙ ቢሆንም የመጨረሻው ቶሎ ያልፋል፤ ስለዚህ መነሻችን ማለዳ 12 ሰዓት ነው። ጋሼ ፔርሙዙን እኔ እይዛለሁ ብለዋል። በዚያ ክፍል የምንሻገረው የባሕር ውኃ ባይኖርም፣ የሰዓት ሰንጠረዡን ላክልኝና እኔም ልየው ብለውኛል።