«አምስት በመቶ ብቻ ነው እኮ ጋሼ»

ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ካሉት ሱቆች በአንዱ ሞባይል እጠግናለሁ። ተማሪ ሲለቀቅ ሱቁ በዩኒፎርም ይሞላል። የተሰበረ ስክሪን፣ ቻርጅ አልይዝ ያለ ባትሪ፣ ፓተርን የተረሳበት ስልክ ነው የሚመጣልኝ። ሰሞኑን ሦስት ልጆች ይዘውልኝ የመጡት ግን ስልክ አልነበረም። አውራ ጣት የምታክል ባለቀለም ዕቃ ናት፤ የማያውቃት ወላጅ ፍላሽ ወይም ማርከር ቢላት አይፈረድበትም። ቬፕ ናት፤ በባትሪ የምትሠራ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ። የቻርጅ መሰኪያ የሌላት፣ ስታልቅ የምትጣለዋ ዓይነት።

ረጅሙ ልጅ «ጋሼ፣ ፈሳሿ አላለቀም፤ ባትሪዋ ነው የሞተው። የቻርጀር ገመድ በይድልን» አለኝ።

እምቢ አልኩ። መጀመሪያ የነገርኳቸው ስለ ሙያዬ ነው። ውስጧ ያለው የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ቻርጅ የሚቆጣጠር ሰርኪዩት ግን አልተሠራላትም። ገመድ በቀጥታ ከተበየደባት ከልክ በላይ ትሞላና ልታብጥ፣ ብሎም ልትቀጣጠል ትችላለች፤ ያውም ልጁ ኪስ ውስጥ ወይም አፉ ላይ እያለች።

«እሺ፣ ክፈታትና እንያት» አሉ። ጓንት አጠለቅኩ፤ ሲጋራ ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ነገር፣ ኒኮቲን፣ ፈሳሹ ውስጥ ስላለ በቆዳም ይገባል። ባትሪዋን አላቀቅኩ። የስልክ ማይክ የምትመስል ትንሽ ሴንሰር አለቻት፤ ሲሳብ የምታስነሳት እሷ ናት። ከዚያ ፈሳሽ የጠጣ ስፖንጅ፣ መሃሉ ላይ ጥጥ የታቀፈ፣ ግሎ ፈሳሹን የሚያተን የሽቦ ጥቅልል። ጥጡ ከፋብሪካ ሲወጣ ነጭ ነው። የእነሱ ጠቁሮ ዳር ዳሩ አሯል። ሱቁን የማንጎ ሽታ ሞላው፤ ከሥሩ ግን ያረረ ነገር ይሸታል። ሦስቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው አዩት፤ አንዳቸውም አልቀለዱም።

«ሲጋራ እኮ አይደለም፤ እንፋሎት ነው» አለ ረጅሙ። ከዚያ ካርቶኑን አወጣና አሳየኝ፦ «አምስት በመቶ ብቻ ነው እኮ ጋሼ፣ ሌላው ንጹሕ ነው!»

እዚህ ላይ ነው ልቤ የተነካው። ልጁ አይዋሽም፤ ያመነውን ነው የሚናገረው። ፈተና ላይ አምስት ከመቶ ማለት ምንም ማለት ነው፣ እሱም እንደዚያው ነው ያነበበው። ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩለት። አምስት በመቶ ማለት በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ ወደ 50 ሚሊግራም ኒኮቲን ነው። የአውሮፓ ኅብረት የፈቀደው ጣሪያ 20 ሚሊግራም ነው። ያ ሁሉ ኒኮቲን ጉሮሮ ሳይከረክር እንዲገባ ደግሞ ኒኮቲን ሶልት የሚባለውን፣ ከአሲድ ጋር ተዋህዶ የለዘበ ኒኮቲን፣ ይጠቀማሉ፤ ከላዩ የማንጎ ጣዕም። ጀማሪን ሲጋራ ያስለዋል፣ ይህቺ ግን አታስለውም፤ ስለዚህ ብዙ ይስባል።

አንደኛው «አሜሪካ ሰው ገደለ የሚሉትስ?» አለ። እውነቱን ነገርኩት። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 መጀመሪያ ድረስ እዚያ ከ2,800 በላይ ሰዎች ሳንባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ 68 ሞተዋል። ዋናው ተጠርጣሪ ግን ካናቢስ (ሐሺሽ) ባለባቸው ፈሳሾች ውስጥ የተቀላቀለ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነው። የእናንተዋም ነገ ትገድላችኋለች አላልኳቸውም። ልጅን በተጋነነ ነገር ካስፈራራኸው፣ እውነቱን የነገርከው ቀንም አይሰማህም።

እስከዚያ ድረስ ዝም ያለው ሦስተኛው ልጅ ነው ዋናውን ነገር ያመጣው። ጠዋት አንደኛ ፔሬድ ላይ ይጨንቀኛል፣ እረፍት ላይ ሽንት ቤት ገብቼ ስስባት ይለቀኛል፤ የትምህርት ጭንቀት መስሎኝ ነበር አለ። ጭንቀቱን የምታመጣው ራሷ ናት፣ ወንድሜ! ኒኮቲን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ሲወርድ ሰውዬው ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ ይበተናል። ቀጥሎ የሚስባት ያንን ስታስታግስለት መድኃኒት ትመስለዋለች። አንጎል ደግሞ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየተሠራ ስለሆነ በልጅነት ሲጀመር ሱሱ ይጠነክራል።

በሕግ የተከለከለች መሆኗንም አያውቁም ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ብቻ የከለከላት ነው የመሰላቸው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መሸጥን ለማንም ከልክሏል። እነሱ ግን በስልክ ያዝዛሉ፣ በሞተር ትመጣላቸዋለች።

ዝምተኛው ልጅ ሲወጣ ወደ ኋላ ቀርቶ «ብተወው ስንት ጊዜ ያስቸግረኛል?» አለኝ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፣ ከሳምንታት በኋላ ይቀልልሃል አልኩት። አሁን ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጎራ እያለ የተበላሹ ስልኮች ይፈታልኛል። አንዳንድ ቀን «ዛሬ ስቤያለሁ» ይለኛል። አልቆጣውም፤ ስክሩ ድራይቨር እሰጠዋለሁ። ሁለቱ ግን አልተመለሱም።

በዚህ መስመር ላለነው ጠጋኞች ጉዳዩን አንስቼ ነበር። ቬፕ ላይ ገመድ እንዳንበይድ አብዛኞቻችን ተስማምተናል። አንዱ ግን «እኔ ብተው ሌላው ይበይድላቸዋል» ይለኛል። እሱም የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ካርቶኑን አሳይቼው ገና እየተከራከርን ነው።