የአባቴ ባና
ደብረ ብርሃን ዛሬ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የአባቴን የመንዝ ባና ከሣጥን አውጥቼ ለበስኩ። ዛሬም ጭስ ጭስ ይሸታል። ላጥበው ነበር፣ እናቴ «ተይው፣ እንዳትነኪው» አለችኝ።

አባቴ ወንጌላዊ ነበር። ልጅ ሳለሁ «አባትሽ የት ነው?» ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው፤ «መንገድ ላይ ነው።» አንዱን ሳምንት መሐል ሜዳ፣ ሌላውን ሸዋ ሮቢት። አይሱዙ ካገኘ ጭነቱ ላይ ይወጣል፣ መኪና የማይገባበትን በእግሩ ይሄዳል። ሲመለስ ከኮቱ ኪስ የደብረ ሲና ቆሎ አይጠፋም። እኛ ሮጠን ኪሱ ውስጥ እንገባለን። ፊቱን ማን ያየዋል!

ደሞዙ ወር አያደርስም። እናቴ ዳቦ ጋግራ ትሸጣለች። የወንጌላዊ ቤት ደግሞ እንግዳ አያጣም፤ አልጋውን ለቀን መሬት እንተኛለን። አያቴ ከመንዝ ስትመጣ የጾም ድስት ለብቻው ይወጣል። ኦርቶዶክስ ነበረች፤ የልጇ ነገር እንዳንገበገባት ኖረች። ግን ሲወጣ ሁሌም «መንገዱን ያቅናልህ» ብላ ነው የምትሸኘው። ስለ እሷ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። ስምንተኛ ክፍል ስሸለም አልነበረም። ታናሽ ወንድሜን የሳንባ ምች ይዞት እናቴ በሌሊት አዝላው ጤና ጣቢያ ስትሮጥም አልነበረም። ስልክ የለንም። የሰማው በአምስተኛው ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ማታ ስለ ክራፕፍ አወራልን። ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነው። በፈረንጆች 1839 ወደ ሸዋ መጥቶ እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ኖሯል። አባቴ የአንኮበርን ዳገት በእግሩ ስለሚያውቀው ወሬው ይጥመዋል። እናቴ ሊጥ እያቦካች ነበር።

«ሚስት የለውም እንዴ ሰውየው?» አለች።

አባቴ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ነገረን። ክራፕፍ ከሸዋ ከወጣ በኋላ ሮዚና የምትባል ሴት አገባ። አብረው ወደ አገራችን ለመግባት ሲሞክሩ በረሃ ላይ ያለ ጊዜዋ ወለደች። ልጅቷ ወዲያው ሞተች። የሰጧት ስም የእኛው ቋንቋ ነው፤ «እንባ» አሏት። በ1844 ሮዚና ሞምባሳ ላይ ሌላ ልጅ ወለደች። በቀናት ውስጥ እሷም ሕፃኗም ሞቱ።

እናቴ እጇን ከሊጡ አላወጣችም። «እንባ» አለች፣ ቀስ ብላ። ቆይታ ደግማ፣ «እንባ።»

አባቴ ቀና ብሎ አላያትም። እኔ ግን ሁለቱንም አየኋቸው። የአባቴ ፊት ምን ያህል እንደከሳ ያየሁት ያን ማታ ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መሄድ ነበረበት። ቦርሳው በር ላይ ተቀምጧል፣ ባናው ከላዩ ታጥፏል። ስነሳ ቦርሳው እዚያው ነው፣ አባቴ ግን የለም። እናቴን ጠየቅኋት።

«ስንዴውን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ሄደ» አለችኝ።