«መረቁ ሥጋ የለውም»

ማልታ፣ ሞስታ ከተማ፣ በአስተናጋጅነት በምሠራበት ምግብ ቤት እንደ ኦገስት 15 ሥራ የሚበዛበት ቀን የለም። የማርያም ዕርገት ስለሚከበር ርችቱ ከማለዳ ጀምሮ ያስተጋባል፤ የማርሽ ባንዱ በየመንገዱ ይዞራል። በ1942 ደሴቲቱ በጦርነት ተከብባ ስትራብ፣ ነዳጅ የጫነችው መርከብ ኦሃዮ ተጎትታ ወደብ የገባችው በዚሁ ዕለት ነው፤ ስለዚህ ማልታዎች ቀኑን እየበሉ ያከብሩታል። ከገበታው ጥንቸል አይጠፋም። መጀመሪያ በመረቁ የተለወሰ ስፓጌቲ፣ ቀጥሎ ሥጋው ይቀርባል።

በእኛ አቆጣጠር ግን ነሐሴ 9 ነው፤ ፍልሰታ።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ገቡ። «የኔ ልጅ፣ የጾም ነገር አላችሁ?» አሉኝ። ኃላፊዬን ጠየቅሁት።

«ስፓጌቲውን ስጣቸው፤ ሥጋውን እናወጣዋለን።»

«መረቁ እኮ ጥንቸሉ በወይን ጠጅ ሲንተከተክ የዋለበት ነው።»

«መረቁ ሥጋ የለውም። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አልሁት።

ደሜ ፈላ። እኚህ እናት ጥንቸል በጾም ቀርቶ በፍስክም አይበሉም። አምኖ የጠየቀን ሰው በሚጎርሰው ነገር ማታለል ከስርቆት አይለይም። ወደ ማልታ የምትመጡ ጿሚዎች፣ «ሥጋ አለው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ በምን እንደተሠራ ጠይቁ።

ለወጥ ቤቷ ስነግራት ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። በዐቢይ ጾም ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል የሚጋገረውን ክዋሬዚማል እየበላች ያደገች ሴት ናት። የተቀቀለ ባቄላ ከነጭ ሽንኩርትና ከወይራ ዘይት ጋር ደቁሳ ቢጊላ አዘጋጀች። ዳቦ ቆርጣ በቲማቲም አሸች፤ እንደ ልማዷም ቱና ጣል አደረገችበት። «ዓሣም አይበሉም» አልኋት። ቱናውን ጠርጋ ያንኑ ዳቦ አልሰጠችኝም፤ ወደ ጎን አድርጋው፣ ቢላዋውን አጥባ ሌላ ቆረጠች።

እናት ቢጊላውን ቀምሰው «ስልጆ እኮ ነው!» አሉ፤ ፊታቸው በራ። ወጥ ቤቷን አስጠርተው፣ አማርኛ ባትሰማም፣ ረጅም ምርቃት አወረዱላት።

ኃላፊዬ ግን ለባቄላና ለዳቦ የሙሉ የጥንቸል ግብዣ ሂሳብ ጻፈባቸው። «የበዓል ዋጋ ነው» አለ። ተከራከርሁ፤ አልቀነሰም። ልጅቱ ዝም ብላ ከፈለች። ያን ሂሳብ እስከ ዛሬ አልተውሁለትም።