አቋራጩን ትቶ በግድግዳው ጥግ፦ ያለችበትን ቦታ የምትጠራጠር ሮቦት መንገድ እንድትመርጥ እንዴት እንዳደረግሁ

ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ አንዲት ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ሮቦት ርዝመቱ 40፣ ስፋቱ 20 ሜትር ከሆነ አዳራሽ አንደኛው ማዕዘን ተነሥታ በሰያፍ ትይዩ ወዳለው በር ያለ ሰው እገዛ እንድትደርስ ማድረግ ነው። የተጠቀምሁባት ተርትልቦት 3 በርገር ከፍተኛ ፍጥነቷ በሰከንድ 0.22 ሜትር ሲሆን የሌዘር መቃኛዋ የሚያየው እስከ 3.5 ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ችግሩ ያለው በዚህ በሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው። ከየትኛውም ግድግዳ ከ3.5 ሜትር በላይ ስትርቅ መቃኛው ምንም አያሳያትም፤ ይህም ከአዳራሹ ወለል ከግማሽ የሚበልጠው ለእርሷ ባዶ ሜዳ ነው ማለት ነው። በዚያ ያለችበትን ቦታ የምትገምተው የጎማዎቿን ዙር በመቁጠር ብቻ ነው፤ ይህ ቆጠራ ደግሞ ስሕተትን ያጠራቅማል። አቅጣጫዋን በ1 ዲግሪ ብቻ ብትስት 10 ሜትር ከተጓዘች በኋላ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ትወጣለች።

አጭሩን መንገድ የሚፈልግ የተለመደ ዕቅድ አውጪ (መንገዱን አስቀድሞ የሚመርጠው ፕሮግራም) በቀጥታ በዚህ ባዶ መካከል ያሳልፋታል። እዚህ ላይ መቆጣጠሪያውን፣ ማለትም ጎማዎቹን እያዘዘ በተመረጠው መንገድ የሚያስኬዳትን ክፍል፣ ማሻሻል ብዙም አይረዳም፤ መቆጣጠሪያው የሚያርመው ሮቦቷ «አለሁበት» በምትለውና መሆን በሚገባት ቦታ መካከል ያለውን ልዩነት ነውና፣ «አለሁበት» የምትለው ራሱ የተሳሳተ ከሆነ የተሳሳተውን መስመር በሚያምር ሁኔታ ይከተላል። ስለዚህ ጥርጣሬውን ወደ ዕቅዱ ለማስገባት ወሰንሁ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ጎብኚዎችን ስታስጎበኝ የነበረችው ሚነርቫ የተባለች ሮቦት፣ በጭጋግ ውስጥ አጥር እየዳሰሰ እንደሚሄድ ሰው፣ ቦታዋን ወደሚያሳውቋት ግድግዳዎች የመጠጋት ስልት ነበራት።

ከሁሉ በፊት ጥርጣሬው በምን ያህል እንደሚያድግ መለካት ያስፈልግ ነበር። ለዚህ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቦረንስታይንና ፌንግ ያዘጋጁትን ዘዴ መረጥሁ፤ ሮቦቷ ጎኑ 4 ሜትር የሆነ ካሬ መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ እየታጠፈች ትዞራለች። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ብትዞር፣ ከጎማዎቹ የዲያሜትር መበላለጥ የሚመጣው ስሕተትና በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት በትክክል ባለመለካቱ የሚመጣው ስሕተት እርስ በርስ ተጣፍተው ካሬው በትክክል የተዘጋ ሊመስል ይችላል፤ በተቃራኒው ስትዞር ግን ተደምረው ይጋለጣሉ። እንዲህ ያለው ቋሚ ስሕተት በስሌት ይታረማል። የጎማ መንሸራተትና የወለል ንጣፍ መጋጠሚያ የሚያመጡት ግን አስቀድሞ ስለማይታወቅ እንደ ጥርጣሬ ተቆጥሮ ወደ ዕቅዱ የሚገባው እርሱ ነው። በሲሙሌሽን (ሮቦቷን በኮምፒዩተር ውስጥ አስመስሎ በመሞከር) ብቻ መሥራትን የማልመክረውም ለዚህ ነው፤ ሲሙሌተሩ በተለመደው አሠራሩ የሚፈጥረው ስሕተት ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል የሚያጋድል፣ ከልክ ያለፈ ጨዋ ነው።

በመርሕ ደረጃ ትክክለኛው መፍትሔ ሮቦቷ ልትገኝባቸው የምትችላቸውን ቦታዎች ሥርጭት እንደ አንድ ሁኔታ ቆጥሮ ለእያንዳንዱ ሥርጭት የተሻለውን ውሳኔ ማስላት ነው፤ ይህ ግን ተመራማሪዎቹ ፓፓዲሚትሪዩና ትሲትሲክሊስ እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳሳዩት ለኮምፒዩተር እጅግ ከባድ ከሚባሉት ችግሮች አንዱ ነው። እኔ ሥርጭቱን የጥርጣሬውን መጠን በሚያሳይ አንድ ቁጥር ወከልሁት። ካርታው ጎናቸው 10 ሴንቲ ሜትር ወደሆነ 80,000 ካሬዎች ሲከፈልና ለእያንዳንዱ 15 የጥርጣሬ ደረጃ ሲሰጠው 1,200,000 ሁኔታዎች ይሆናሉ፤ ይህን አንድ ተራ ላፕቶፕ አነስተኛ ወጪ ያለውን መንገድ በሚፈልገው በዳይክስትራ አልጎሪዝም ያለ ችግር ይፈታዋል። በባዶው መካከል መጓዝ ደረጃውን ከፍ ያደርጋል፣ በግድግዳ ወይም በዓምድ አጠገብ መጓዝ ዝቅ ያደርጋል፤ ጥርጣሬዋ ከተወሰነ ደረጃ በላይ ሆኖ በሩ ጋ ብትቀርብ እንደደረሰች አይቆጠርም። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በ10 ሴንቲ ሜትር እርምጃ የሚጨምረው ጥርጣሬ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሲጠጋጋ ዜሮ ይሆንና ሮቦቷ በባዶው ውስጥ የፈለገችውን ያህል ብትሄድ የማትጠፋ ትመስላለች። ስለዚህ የዕቅዱን እርምጃ 50 ሴንቲ ሜትር አደረግሁት።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የወሰደብኝ አንድ ቁጥር አቅጣጫን የሚደብቅ መሆኑ ነበር። ረጅምና ለስላሳ ግድግዳ ለሮቦቷ የሚነግራት ከግድግዳው ምን ያህል እንደራቀችና ወዴት እንደዞረች ነው፤ በግድግዳው ርዝመት ላይ የት እንደደረሰች ግን አይነግራትም፤ ሁለት ሜትር ወደፊት ብትሄድም መቃኛው የሚያየው ያንኑ መስመር ነውና። ይህን የሚፈቱት ማዕዘን፣ ዓምድና የበር መቃን ናቸው። ስለዚህ ደረጃውን ስተምን አማካዩን ሳይሆን ጥርጣሬው የከፋበትን አቅጣጫ ያዝሁ። ይህም ለጥንቃቄ ያደላ ግምት ስለሆነ፣ ዕቅድ አውጪው ያቀረባቸውን ጥቂት የተሻሉ መንገዶች ደግሞ እንደገና ወስጄ በእያንዳንዳቸው ላይ የቦታዋንና የአቅጣጫዋን ሙሉ ኮቫሪያንስ (ጥርጣሬው በየአቅጣጫው ምን ያህል እንደሆነና እንዴት እንደሚያያዝ የሚያሳይ ሠንጠረዥ) ግምትንና ልኬትን በሚያዋህዱት በካልማን ቀመሮች አስልቼ አወዳደርኋቸው። የተመረጠው መንገድ ከሰያፉ ይረዝማል፤ ዓምዶች ባሉበት በኩል ግድግዳውን ይዞ ሄዶ ባዶውን የሚያቋርጠው በጠበበበት በኩል ነው። ወንበሮችን ከካርታው ሆን ብዬ አውጥቻለሁ፤ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር ቦታቸው ይለዋወጣል።

በቁጥጥሩ በኩል የተለወጠው ጥቂት ነው። በእንቅፋቶች ዙሪያ የሚተወው ክፍተት ቋሚ መሆኑ ቀርቶ የቦታዋ ግምት መደበኛ ልዩነት (ግምቱ በተለምዶ ከእውነተኛው ቦታ የሚርቅበት መጠን) ሁለት እጥፍ እንዲጨመርበት አደረግሁ። በባዶው ውስጥ ፍጥነት መቀነስ ያን ያህል አይጠቅምም፤ የጎማ ስሕተት የሚያድገው በዋነኛነት በርቀትና በመታጠፍ እንጂ በጊዜ አይደለም፤ ስለዚህ ቆሞ መዞርን አስቀርቼ መታጠፊያዎቹን ሰፋ ያሉ ቅስቶች አደረግኋቸው። ጥርጣሬው ከወሰኑ ሲያልፍም ሮቦቷ ባለችበት አትቆምም፤ ቆሞ መጠበቅ አዲስ መረጃ አይሰጣትምና መድረሻዋን ለጊዜው ትታ በጣም ወደሚቀርባት ማዕዘን ወይም ዓምድ ታመራለች።

በኋላ መቃኛውን እስከ 12 ሜትር በሚያይ ስለውጠው በፕሮግራሙ ውስጥ የቀየርሁት የእይታውን ርቀት ብቻ ነበር፤ ዕቅድ አውጪው ወዲያውኑ ሰያፉን መረጠ፤ ከአዳራሹ መካከል እስከ ሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች 10 ሜትር ብቻ ነውና። የቀረው ጥምዘዛ መስታወት ባለበት የመግቢያ በር አካባቢ ያለው ነው። ሌዘሩ መስታወቱን አልፎ ስለሚሄድ ያ የግድግዳ ክፍል በካርታው ላይ ምንም መረጃ እንደማይሰጥ ተመዝግቧል።